ሌንሱ አያመኝም፤ ታዲያ ዓይኔ ለምን ይቀላል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ27 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምሠራው ባንክ ነው። ሩቅ ማየት ስለማልችል የመነጽሬ ቁጥር ማይነስ 5 ደርሷል። የመነጽሩን ውፍረት ስለማልወደው 6 ዓመት ሙሉ ለስላሳ ኮንታክት ሌንስ ሳደርግ ቆይቻለሁ። የምገዛው በየወሩ የሚቀየረውን ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን ሁለት ወር የማቆየው ጊዜ አለ። ጠዋት 12 ሰዓት አድርጌው ማታ 4 ሰዓት አወልቀዋለሁ፤ ደክሞኝ እንዳደረግሁት የተኛሁበትም ቀን አለ። ምንም አያመኝም። ሰሞኑን ግን በመስታወት ሳየው ከነጩ ወደ ጥቁሩ የዓይኔ ክፍል የሚገቡ ቀጫጭን የደም ሥሮች አየሁ። እናቴ «ይሄ ፕላስቲክ ዓይንሽን እየበላው ነው» ትላለች። እውነት ነው? ለጥምቀት ጠበል ሲረጭስ ማውለቅ አለብኝ?

መልስ፦ ፕላስቲኩ ዓይን አይበላም። እናትዎ ግን ከእውነቱ ብዙም አልራቁም።

ከጥቁሩ የዓይናችን ክፍል ፊት ለፊት ያለው ጥርት ያለ መስኮት ኮርኒያ ይባላል። ውፍረቱ መሐሉ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የደም ሥር የለውም፤ ቢኖረው ኖሮ ብርሃን እንዲህ ጥርት ብሎ አያልፍበትም ነበር። ደም ስለማይደርሰው ኦክስጅን የሚያገኘው በአብዛኛው ከአየር ነው፤ አየሩ በእንባችን ውስጥ ሟሙቶ ይደርሰዋል። ስንተኛ ደግሞ ከዓይን ቆብ ውስጠኛ ክፍል ካሉት የደም ሥሮች ትንሽ ይቃርማል። ሌንስ ሲያደርጉ በኮርኒያና በአየሩ መካከል መጋረጃ ጣሉ ማለት ነው።

የመጋረጃው ዓይነት ለውጥ ያመጣል። ለስላሳውን ሌንስ ወደ ዓለም ያመጣው ኦቶ ቪክተርሌ የተባለ የቼክ ኬሚስት ነው፤ በ1961 እ.ኤ.አ. ማምረቻውን ቤቱ ውስጥ ከልጆች መጫወቻ ነው የገጣጠመው። በዚያ ዓይነቱ ሌንስ ኦክስጅን የሚያልፈው ሌንሱ በያዘው ውሃ በኩል ብቻ ስለሆነ መጠኑ ጥቂት ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የመጣው ሲሊኮን ሃይድሮጀል ግን ብዙ እጥፍ ያሳልፋል። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ሳጥኑ ላይ ያንብቡ። አሮጌው ዓይነት ከሆነ፣ በቀን 16 ሰዓት ለሚያደርግ ሰው ያዩት የደም ሥር አያስገርምም። አየር ያጠረው ኮርኒያ ከዳር በኩል ደም ይጠራል፤ ሥሮቹም ቀስ እያሉ ይገባሉ። ኦክስጅኑ ሲመለስ ደሙ ይደርቃል፤ ቦዩ ግን እዚያው ይቀራል፤ ወደ ቀድሞው ልማድዎ ከተመለሱ ቶሎ ይሞላል። ሥሮቹ ወደ መሐል ከዘለቁ ደግሞ እይታን ይጋርዳሉ።

«አያመኝም» ያሉት ነገር እኔን አያጽናናኝም። ሌንስ ለዓመታት ሲደረግ የኮርኒያ ስሜት እየደነዘዘ ይሄዳል። (ሽንኩርት ሲከትፉ እንባ እንደቀረላቸው የሚነግሩኝ ብዙ ናቸው፤ ያ እንኳ በአብዛኛው ሌንሱ ዓይናቸውን ስለሸፈነው ነው።)

ከደም ሥሩ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን መተኛትዎ ነው። በአሜሪካና በአውስትራሊያ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ለስላሳ ሌንስ ቀን ብቻ ከሚያደርጉ 10,000 ሰዎች መካከል በዓመት ከ2 እስከ 4 የሚሆኑት ኮርኒያቸው በጀርም ይቆስላል። አድርገው በሚተኙት ላይ ቁጥሩ ወደ 20 ያድጋል። አዲሱ ሌንስ ብዙ ኦክስጅን ቢያሳልፍም ይህን ቁጥር አልቀነሰውም፤ ዓይን ሲከደን እንባው አይንቀሳቀስም፣ ሌንሱ ላይ የተለጠፈውንም ጀርም አጥቦ የሚያወጣ የለም። ሱዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ ከገባ በአንድ ሁለት ቀን ኮርኒያን ሊበሳ ይችላል። ቢድን እንኳ ጠባሳው መሐል ላይ ከሆነ መፍትሔው ከሟች በተለገሰ ኮርኒያ መተካት ነው።

ወደ ጠበሉ ልምጣ። ጠበልም ውሃ ነው፤ ይህን የምለው በረከቱን ተጠራጥሬ አይደለም። አካንታሜባ የተባለ ረቂቅ ተሕዋስ በወንዝ፣ በጉድጓድ፣ በቧንቧም ሆነ በሮቶ በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ይኖራል። ለስላሳ ሌንስ ደግሞ ውሃ ይመጥጣል። ይህ ተሕዋስ ኮርኒያ ውስጥ ከሰፈረ ሕክምናው ወራት ይፈጃል፤ ሥቃዩም ከባድ ነው። ስለዚህ ጥር 11 ቀን መነጽርዎን አድርገው ይሂዱ። ሳያስቡት ከተረጩ ሌንሱን አውልቀው ይጣሉት። ሻወርም ዋናም ያው ነው። የማጠቢያው ፈሳሽ አልቆብኝ ነው ብለው በቧንቧ ውሃ ወይም ከፋርማሲ በሚገዛ ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ) እንዳያስቀምጡት፤ ሳላይን ጀርም አይገድልም። የትናንቱ ፈሳሽ ላይ አዲስ መጨመርም አይሆንም።

አሁን ለጥቂት ሳምንት ወደ መነጽር ይመለሱ። ውፍረቱ ቢያስጠላዎትም ይቻሉት። በዚህ መሐል የዓይን ሐኪም በስሊት ላምፕ (ዓይንን አጉልቶ በሚያሳይ መሣሪያ) ያይዎትና ሥሮቹ እስከ የት እንደገቡ ይለካ። ከፈቀደልዎ ሲሊኮን ሃይድሮጀል፣ አቅም ካለ ደግሞ በየቀኑ የሚጣለውን ይምረጡ፤ ማታ ቤት ሲገቡ ያውልቁት። የወሩን በወሩ ይጣሉ። ማስቀመጫውንም በየሦስት ወሩ ይቀይሩ፤ እርጥብ ማስቀመጫ የጀርም እርሻ ነው። ለሠርግ ከሚዜ ተውሰው የሚያደርጉትን ባለቀለም ሌንስ በተመለከተ አንድ ቃል ብቻ፦ አይዋዋሱ።

አንድ ቀን ዓይንዎ ቀልቶ ከቆጠቆጠዎት፣ ብርሃን ካስጠላዎት፣ እይታዎ ከደበዘዘ ወይም ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጥብ ካዩ፣ ሌንሱን ወዲያው አውጥተው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ዓይንዎን አይሸፍኑት። ጎረቤት «እኔን አድኖኛል» ያለችውን ጠብታም አይጨምሩ፤ ዴክሳሜታዞን የተባለው ስቴሮይድ መድኃኒት ያለበት ከሆነ ቅላቱን ያጠፋልዎታል፣ ጀርሙን ግን ያፋፋዋል። ሌንሱንና ማስቀመጫውን አይጣሏቸው፤ ይዘዋቸው ይምጡ። ከዓይን ላይ ያጣነውን ጀርም እዚያ ላይ የምናገኝበት ጊዜ አለ።