ካኖ ውስጥ ስንት ኤሚር አለ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጓደኛዬ «ናይጄሪያ፣ ካኖ ከተማ ሁለት ኤሚር አለ» ይላል። እኔ ደግሞ «አንድ ዙፋን ላይ ሁለት ሰው እንዴት ይቀመጣል?» አልኩት። በቡና ተወራርደናል። ማን ይክፈል? — ከኮቺ፣ ጅማ

መልስ፦ ቡናውን አንተ ክፈል፣ ወንድሜ። ግን ጓደኛህም ብዙ አይኩራ። ኤሚር ማለት የሙስሊሞች ባህላዊ ንጉሥ ነው። ዙፋኑ አንድ ነው፤ «የኔ ነው» የሚሉት ናቸው ሁለት።

ሙሐመዱ ሳኑሲ 2ኛ ኤሚር የሆኑት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ከዚያ በፊት የማዕከላዊ ባንክ ገዥ ነበሩ። «የነዳጁ ገንዘብ የት ገባ?» ብለው በአደባባይ ከጠየቁ በኋላ ከሥራ ታገዱ። ዙፋን ላይ ወጥተውም አፋቸውን አልያዙም። በ2019 የግዛቱ አስተዳዳሪ ኤሚርነቱን ለአምስት ቆራረሱት። በ2020 ሳኑሲን አወረዱና አሚኑ አዶ ባየሮን ሾሙ። በ2024 ደግሞ ሌላ አስተዳዳሪ መጡ፤ ክፍፍሉን በሕግ ሽረው ሳኑሲን መለሱ። አሚኑስ? አልወርድም ብለው እዚያው ካኖ ሌላ ትንሽ ቤተ መንግሥት ገቡ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። የሳኑሲ አያትም በ1963 ከዚሁ ዙፋን ወርደዋል፤ ለቤተሰቡ አዲስ አይደለም።

ሥሩ ግን ወደ 1903 ይሄዳል። እንግሊዞች የካኖን የጭቃ ግንብ በመድፍ ሲሰብሩ ኤሚር አሊዩ ሶኮቶ ወደምትባል ሌላ ከተማ ሄደው ነበር። ተይዘው ተጋዙ፤ ሎኮጃ በግዞት ሞቱ። እንግሊዞች ኤሚርነቱን አላጠፉትም። ወንድማቸውን አባስን አስቀመጡበት። ከዚያ ወዲህ የካኖ ዙፋን የሹም ሽር ወንበር ሆነ። በሕግ ብዙ ሥልጣን የለውም፤ የካኖ ሰው ልብ ግን እዚያ ነው። ፖለቲከኛ እጁን የማይሰበስበው ለዚህ ይመስለኛል።

የኛው አባ ጅፋር 2ኛ በዚያው ዘመን ብልጥ ነበሩ። ለምኒልክ ገብረው አገራቸውን ሳያስነኩ ቆዩ። ልጅ ሆኜ እንግዳ ይዤ ጅሬን ስወጣ፣ የቤተ መንግሥቱ የእንጨት ወለል ከእግሬ ሥር ሲንቋቋ ይህን አላውቅም ነበር።

ከሁሉ የቆጨኝ ፈረሱ ነው። ካኖ በዒድ ኤሚሩ ባጌጡ ፈረሰኞች ታጅቦ ይወጣል። በ2024 ፖሊስ በዚሁ ጠብ ምክንያት ሰልፉን ከለከለ። ንጉሥ በፈረሱ ስም የሚጠራበት አገር ለተወለደ ሰው፣ ያ ሁሉ ፈረስ ጋጣ ውስጥ ታስሮ ዒድ ሲያልፍ ያማል።