ጭልፊቴን አንዘፍዝፎ ጣለው፤ የሚጥል በሽታ ይሆን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ክንፉ የተጎዳ ጭልፊት አንስቼ እያስታመምኩ ሁለት ወር ሆነኝ። አጥንት እንዳያንቀው ብዬ የምሰጠው ፍሪጅ የማስቀምጠውን ቀይ ሥጋ ብቻ ነው። አልፎ አልፎ ጎረቤቴ በአየር ጠመንጃ የመታቸውን እርግቦች ያመጣለታል። ትናንት ጠዋት ድንገት ወደቀ። አንገቱ ወደ ኋላ ተቆልምሞ ክንፉ ይርገፈገፍ ጀመር። ውሃ ላጠጣው ብሞክር አልዋጥ አለው። ማታ ደገመው። የሚጥል በሽታ ነው? ይድናል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከሁሉ በፊት እባክዎ ውሃውን ይተዉት። ሲያንዘፈዝፈውም ሆነ ከዚያ በኋላ ፈዝዞ ሳለ በአፉ ምንም አይጨምሩ። የአየር ቧንቧው የሚከፈተው ምላሱ ሥር ነው፤ ጠብታው ሳንባው ውስጥ ይገባል። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንዲት ጉጉት በዚሁ ምክንያት እጄ ላይ ሞታለች። ያጠጣኋት እኔ ነበርኩ። ዛሬም አልረሳኋትም።

አሁን ፎጣ የተነጠፈበት፣ ቀዳዳ ያለው ካርቶን ውስጥ ያስገቡት። ጨለማና ጸጥታ ይሁንለት። ከደገመው በስልክዎ ይቅረጹት፤ ለሐኪሙ ትልቅ እገዛ ነው። ጓንትና ማስክ ያድርጉ፤ የወፍ ጉንፋንም እንዲህ አንጎል ሊነካ ይችላል።

ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። የሚጥል በሽታ ነው የምንለው ሌላው ምክንያት ሁሉ ተፈልጎ ሲታጣ ነው። ግጭት፣ ቫይረስ፣ የስኳር ማነስ፣ የተባይ መርዝ፣ ሁሉም ያንዘፈዝፋሉ። እኔ ሁሌም የምጀምረው ግን «ምን በላ?» ብዬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ፣ አርካንሳስ ውስጥ አንድ ሐይቅ ዳር ራሰ ነጭ ንስሮች እየተንገዳገዱ መሞት ጀመሩ። መርዙ ተለይቶ የታወቀው በ2021 ነው። የውሃ አረም ላይ የሚያድግ ባክቴሪያ ያመነጨዋል፤ የውሃ ወፎቹ አረሙን ይበላሉ፣ ንስሮቹ ደግሞ ወፎቹን። ነገሩ ሁሉ ምግቡ ውስጥ ነበር።

ከደብዳቤዎ ያስደነገጡኝ እርግቦቹ ናቸው። የአየር ጠመንጃ ጥይት ብዙውን ጊዜ እርሳስ ከሚባለው መርዛማ ብረት ይሠራል። ጭልፊቱ ከሥጋው ጋር ይውጠዋል፣ የጨጓራው አሲድ ያሟሟዋል፣ ከዚያ በደም አድርጎ ነርቭና አንጎል ይደርሳል። እስቲ እግሩን ይዩት። ጣቶቹ እንደ ቡጢ ተጨብጠው በቁርጭምጭሚቱ ተንበርክኮ ነው የሚቆመው? ኩሱ እንደ ቅጠል አረንጓዴ ሆኗል? እንዲህ ከሆነ ጥርጣሬዬ ይበረታል።

ራጅ ተነስቶ ምንም ባይታይ እንዳይዘናጉ። ጭልፊት ያልፈጨውን ላባና አጥንት አድቦልቡሎ ይተፋዋል። ጥይቱም አብሮ ሊወጣ ይችላል። ደም ውስጥ የገባው እርሳስ ግን እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የደም ምርመራ ይጠይቁ። ከተገኘ፣ እርሳሱን ይዞ በኩላሊት የሚያስወጣ መድኃኒት አለ።

ቀይ ሥጋውም አላማረኝም። አጥንት የሌለው ሥጋ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል። ካልሲየም ሲያልቅ ጡንቻው በራሱ ይንቀጠቀጣል። ሥጋው ፍሪጅ ብዙ ከቆየ ደግሞ ቫይታሚን ቢ1 ይቀንሳል። ቢ1 ያነሰው ወፍ ልክ እርስዎ እንዳሉት አንገቱ ተቆልምሞ ሰማይ ሰማይ ያያል። ይሄ ቢሆንልን ደስ ይለኛል። መርፌ በተወጋ በሰዓታት ውስጥ ቀና ብሎ የቆመ ጭልፊት አይቻለሁ። ስለ አጥንቱ አይስጉ፤ ጭልፊት አይጥን ከነአጥንቷ ከነጸጉሯ እንዲበላ ሆኖ የተፈጠረ ነው።

ይድናል ወይ ላሉኝ፣ እርሳስ ከሆነ በመጠኑና በፍጥነትዎ ይወሰናል። ሁለቴ ጥሎታል፤ ነገ አይበሉ፣ ዛሬውኑ የዱር አዕዋፍ የሚያክም ሐኪም ጋ ይውሰዱት። የተረፈ እርግብ ካለም አይጣሉት። ከትኩስ ኩሱ ጋር ለየብቻ በላስቲክ ቋጥረው ይዘውለት ይሂዱ።