ችግኙን ሰጡኝ፤ ገንዘቡን ግን እንቢ አሉ

ጥያቄ፦ አዳማ ተወልጄ ያደግሁ ስሆን ሐዋሳ ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። አንዲት አረጋዊት ጎረቤቴ ከጓሯቸው ሦስት የእንሰት ችግኝ ነቅለው ሰጡኝ። «እማማ፣ ዋጋውን ልክፈል» ብላቸው «ወስደህ ትከል ልጄ» ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ። ምን አጠፋሁ? ውለታቸውንስ በምን ልመልስ?

መልስ፦ ችግኝ በገበያም ስለሚሸጥ ብር ማውጣትዎ አያስነቅፍም፤ ከጎረቤት እጅ የመጣው ግን የሸቀጥ ወግ የለውም። ምክንያቱ ከአበቃቀሉ ይጀምራል። ገበሬው እንሰትን የሚያራባው በዘር ሳይሆን ጥቂት ዓመት የቆየውን ተክል ከመሬት አስጠግቶ በመቁረጥ ነው፤ ከዚያም የአሚቾውን (ከመሬት በታች ያለውን ወፍራም ሥር መሰል ግንድ) መሃል እምቡጥ ፈልፍሎ አውጥቶ ጉድጓዱን አፈርና ፍግ ይሞላዋል። እናትየዋ እንደ ልቧ ማደጓ ሲቀር ከጥቂት ወራት በኋላ ችግኙ ዙሪያዋን ይፈላል፤ ከአንዲት አሚቾ ከ50 በላይ ሊወጣ ይችላል። ይህን ሁሉ የሚችል ጓሮ ያለው ሰው ጥቂት ነው።

ነገሩ ግን የተረፈን ማካፈል ብቻ አይመስለኝም። የእንሰት አጠውልግ በሽታ በተበከለ ቢላዋ ከተክል ወደ ተክል ይዛመታል፤ ጓሮ ከገባም ለዓመታት የተለፋበትን ሊያወድም ይችላል። እንዲህ ያለ ቀን ቢመጣ የእማማ እንሰት ዝርያ የሚገኘው እርስዎ ጓሮ ነው። ብሩን ቢቀበሉዎት ኖሮ ሒሳቡ እዚያው ተዘግቶ ይቀር ነበር። ሰው «ብድር መላሽ ያድርገኝ» ሲል የሚመኘው ዕዳው ዛሬውኑ እንዲወርድለት ሳይሆን ለመመለሻው ዕድሜና አቅም እንዲሰጠው ነውና፣ እርስዎም አይቸኩሉ።

እስከዚያው ግን ባዶ እጅዎን አይቀመጡ። እማማ ላም ካላቸው የድንቹን ልጣጭና የጎመኑን ግንድ ቆሻሻ መጣያ ከመክተት ይልቅ ይውሰዱላቸው፤ የላሟ እበት ለእንሰቱ ፍግ ይሆናል፣ የእንሰቱም ቅጠል ሣር ሲጠፋ ለላሟ መኖ ሆኖ ይመለሳል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. የመዘገበው ፊቼ ጨምበላላ ሲደርስ ደግሞ ቤትዎ ይገኙ። ልጆች በየቤቱ እየዞሩ «አይዴ ጨምበላላ» ሲሉ በቅቤ የራሰ ቡርሳሜ ይቀርብላቸዋል፤ ቡርሳሜውም የሚሠራው ከዚሁ ከእንሰት ነው። በዕለቱ ከብት አይታረድም፣ ዛፍም አይቆረጥምና የጓሮ ሥራ ካለዎት አስቀድመው ይጨርሱት።

የእርስዎ እንሰት ለምግብ እስኪደርስ እንደ ቦታው ከ4 እስከ 7 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ችግኝ ለማውጣት ግን ያን ያህል መጠበቅ አያስፈልግዎትም፤ ሲያወጡም ከእማማ ቤት ይጀምሩ። ቢላዋውን በእሳት ሳይለበልቡ ወደ ሌላ ተክል አይሻገሩ፤ ጓሮዎ ውስጥ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ የጠወለገ እንሰት ካዩ ግን በዚያ ዓመት ለማንም ችግኝ አይስጡ።