ድንጋዩ ዘበኛ ሲነቃ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ግማሾቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው። በምናባዊ ልቦለድና በጌም ውስጥ በር ላይ ተገትሮ ቆይቶ፣ ጀግናው ሲጠጋ ድንገት ስለሚነቃው ሐውልት። እንግዲያው ዛሬ ተራው የእሱ ነው።

ጌም ስጫወት የሀብቱ ቤት ደጃፍ ላይ ያለው የነሐስ ግዙፍ ሁሌ ይነሳብኛል። ይሄን ነገር መጀመሪያ ያመጣው ማነው?

እከሌ ነው ማለት ይከብዳል። ያንተ ግዙፍ የሥጋ ዘመድ ግን የግሪኮቹ ታሎስ ነው። የቀርጤስን ደሴት በቀን ሦስት ጊዜ እየዞረ ይጠብቃል፤ የሚጠጋ መርከብ ካየ ቋጥኝ ይወረውራል። ታሪኩን ዘርዘር አድርጎ ያቆየልን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ባለቅኔ አፖሎኒዮስ ነው። ታሎስ ሁለመናው ነሐስ ሆኖ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ብቻ አንዲት ስስ ደም ሥር ነበረችው። ጠንቋይዋ ሜዲያ ከመርከቧ ላይ ሆና በክፉ ዓይኗ አፈዘዘችው። እኛ «ዓይን በላው» የምንለው ዓይነት መሆኑ ነው። ቁርጭምጭሚቱን የሾለ ድንጋይ ጫረው፤ ውስጡ የነበረው ፈሳሽ እንደ ቀለጠ እርሳስ ተንዠቀዠቀ፤ እሱም ተዘረረ።

ሌላ ትረካ ደግሞ ሥሩን የደፈነውን ምስማር ነቅላ ነው የገደለችው ይላል። ይህች ምስማር ትገርመኛለች። ነሐስ በሰም ቅርጽ ሲፈስ ሰሙ ቀልጦ የሚወጣበት ቀዳዳ ይተዋል፤ በኋላ ይደፈናል። ተረቱ ከነሐስ ሠሪዎች ቤት የወጣ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ልቤ ወደነሱ ያደላል።

ፊልም ላይ ከካቴድራል ጣሪያ ተነስተው የሚበሩት የድንጋይ አውሬዎችስ? እነሱም ጠባቂ ነበሩ?

በዋናነት አሸንዳ ነበሩ! የዝናቡን ውኃ ከግድግዳው አርቀው በአፋቸው የሚተፉ። በፈረንሳይኛ የስማቸው ሥር «ጉሮሮ» ነው። ፓሪስ ኖትርዳም ላይ አገጩን ተደግፎ ከተማውን ቁልቁል የሚያየው ዝነኛው ጭራቅ ደግሞ ውኃ እንኳ አይተፋም። የመካከለኛው ዘመንም አይደለም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እድሳት ጊዜ የተጨመረ ነው።

የምኖረው ለንደን ነው። የአርባዕቱ እንስሳን ሥዕል እያየሁ ነው ያደግሁት። ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ የሰው ራስ ያለው ባለ ክንፍ በሬ ሳይ ክው አልኩ። ይገናኛሉ?

ክው ማለትዎ ትክክል ነው። ያዩት ላማሱ ይባላል፤ የአሦር ነገሥታት የከተማና የቤተ መንግሥት በር ላይ ጥንድ ጥንድ አድርገው ያቆሙት ነበር። የሰው ፊት፣ የበሬ ወይም የአንበሳ ገላ፣ የንስር ክንፍ፤ አራቱም ገጽ ተሟላ ማለት ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤል የአርባዕቱ እንስሳን ራእይ ያየው ባቢሎን ምድር በምርኮ ሳለ መሆኑን ያስታውሱ። «ኪሩብ» የሚለውንም ቃል ብዙ ሊቃውንት ከአካድኛው (የጥንት አሦርና ባቢሎን ቋንቋ) «ካሪቡ» ጋር ያዛምዱታል። በዘፍጥረት ደግሞ የኪሩቤል ሥራ የገነትን መንገድ መጠበቅ ነው። ያው በር ጠባቂነት!

ሌላ ጊዜ ሲሄዱ እግሮቹን ይቁጠሩ። ብዙዎቹ አምስት ናቸው። ከፊት ሲያዩት ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ከጎን ሲያዩት ይራመዳል። ድንጋይ ጠራቢው ሐውልቱን ያለ አስማት አስኬደው።

ጠባቂነታቸው ግን ያን ያህል ነበር። የአሦር ንጉሥ ዳግማዊ ሳርጎን ዱር ሻሩኪን የምትባል አዲስ ከተማ ሠርቶ በሮቿን ከ4 ሜትር በሚበልጡ ላማሱዎች አሳጠረ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ705 ጦር ሜዳ ወደቀ፤ አስከሬኑም አልተገኘ። ልጁ ከተማዋን ትቶ ነነዌን ዋና ከተማ አደረገ። በነነዌ በር ላይ ከቆሙት መካከል ደግሞ በ2015 እ.ኤ.አ. አክራሪዎች በመሰርሰሪያ ያፈረሱት አለ።

የፕራጉ ጎለም እውነት ነው?

ጎለም በአይሁድ ተረት ከጭቃ ተሠርቶ ሕይወት የተዘራበት ሰው ነው። የፕራጉን ሠሩት የሚባሉት ረቢ ሎው እውነተኛ ሰው ነበሩ፤ በ1609 ነው ያረፉት። የጭቃው ሰው ግን ከስማቸው ጋር በመጽሐፍ የተያያዘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሐሳቡ በራሱ በጣም ያረጀ ነው። ታልሙድ በሚባለው የአይሁድ ሕግና ትምህርት መጽሐፍ ውስጥ ራባ የሚባል መምህር ሰው ሠርቶ ወደ ረቢ ዘይራ ይልከዋል። ዘይራ ቢያናግሩት አይመልስም። «ወደ አፈርህ ተመለስ» አሉት፤ አለቀ።

ለኛ የሚጥመው ግን ጎለሙ ግንባር ላይ የሚጻፈው ቃል ነው። «ኤሜት»፣ እውነት። የመጀመሪያውን ፊደል ሲያጠፉት «ሜት»፣ ሞተ ይሆናል። «ኤሜት» ከኛ «አመነ»፣ «ሜት» ከኛ «ሞተ» ጋር የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። ስለዚህ አማርኛ አንባቢ ይህን ጨዋታ ያለ አስተርጓሚ ይሰማዋል።

ጀርመናዊው ተረት ሰብሳቢ ያዕቆብ ግሪም በ1808 ባሳተመው የፖላንድ አይሁዶች ትረካ፣ ጎለሙ በየቀኑ እያደገ ሄዶ የጌታው እጅ ግንባሩ ላይ አልደርስ አለ። ጌታው ዘዴ ፈጠረ፤ «ጫማዬን አውልቅልኝ» አለው። ጎብጦ ሳለ ፊደሏን ጠረገ። ያ ሁሉ ጭቃ ላዩ ላይ ተደረመሰና ጌታው ከሥሩ ቀረ።

ታዲያ ጌሞቹ ውስጥ የድንጋይ ጎለም፣ የብረት ጎለም እየተባለ የሚከፋፈለው ከየት መጣ?

ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ከሚባለው፣ ጠረጴዛ ከበው ገጸ ባሕርይ እየሆኑ ከሚጫወቱት ጨዋታ። በ1977 የወጣው የጭራቆች መጽሐፉ ጎለሞችን የሸክላ፣ የሥጋ፣ የድንጋይና የብረት ብሎ መደባቸው። የኮምፒውተር ጌሞች ከዚያ ወሰዱ።

በአማርኛ ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። የዋሻ ጠባቂ ሐውልት አለኝ፤ ግን ደርቆብኛል። ምን ላድርገው?

ኃይል አትጨምሪለት። የሚያስፈራው ጉልበቱ አይደለም፤ የታዘዘውን ብቻ ማድረጉ ነው። ታሎስ መርከቡ ላይ ማን እንዳለ አይጠይቅም። ጎለሙም ጫማ አውልቅ ሲባል ይጎነበሳል።

ስም ከፈለግሽለት ነነዌ ሂጂ። በአሦሩ ንጉሥ በአሹርባኒፓል ቤተ መንግሥት ከመዳፍ የማይበልጡ አምስት የሸክላ ውሾች ተቀብረው ተገኝተዋል። ክፉ መንፈስ እንዳይገባ የሚጠብቁ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ስማቸው ገላቸው ላይ ተጽፏል። ለውሻ ዓረፍተ ነገር የሚያህል ስም ማውጣት ለኛም አገር እንግዳ አይደለም መቼም። የአንደኛው ስም «አታስብ፣ ንከስ!» ነው።