ያገለገለ ካሜራ ገዝቼ ሙያውን ልጀምር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፤ የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። ዘንድሮ በአካውንቲንግ ተመርቄ ሥራ እየፈለግሁ ነው፤ ልቤ ግን ያለው ፎቶግራፍ ላይ ነው። ባጠራቀምኩት ገንዘብ ኒኮን ዲ7000 የሚባል ያገለገለ ካሜራ ልገዛ አስቤአለሁ። ሻጩ 62 ሺህ ፎቶ ብቻ ያነሣ ነው ይላል። አባቴ ግን “በአሮጌ ዕቃ ሥራ አይጀመርም፤ ነገ ይቆምብሻል” ይሉኛል። አንድ የከተማችን ፎቶ ቤት ደግሞ በረዳትነት ሊቀጥረኝ ፈልጓል። ካሜራው ምን ያህል ጊዜ ይቆይልኛል? የቱንስ ላስቀድም?

መልስ፦ እኅቴ፣ የአባትሽ ስጋት ከንቱ አይደለም። ይህ ካሜራ ወደ ገበያ የወጣው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። ሆኖም ዕድሜውን በዓመት ብቻ ከለካነው እንሳሳታለን።

በቅሎ ሊገዛ ገበያ የወጣ ሰው አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል እንጂ በባለቤቷ ቃል ብቻ ገንዘቡን አይቆጥርም። ካሜራም እንዲህ ዕድሜውን የሚናገር ነገር አለው። ፎቶ ባነሣሽ ቁጥር ሹተር የሚባለው ስስ መጋረጃ ተከፍቶ ይዘጋል፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደክመውም እሱ ነው። የዲ7000 ሹተር በአምራቹ የተፈተነው ለ150,000 ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት የሚበላሽ አለ፤ ከዚያ አልፎ ለብዙ ጊዜ የሚሠራም አለ። ቁጥሩን ለሒሳብ መነሻ ብቻ አድርጊው።

ሻጩ እውነቱን ከሆነ 88,000 ይቀርሻል። በአንድ ሰርግ 1,200 ፎቶ እያነሣሽ በዓመት 20 ሰርግ ብትሠሪ ዓመቱ 24,000 ይፈጃል፤ ካሜራው ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ይሄድልሻል። ነገር ግን ይህ ካሜራ ጣትሽን ከቁልፉ ላይ ካላነሣሽ በሴኮንድ እስከ 6 ፎቶ ያነሣል። በየሰርጉ 3,000 የምታነሺ ከሆነ አንድ ዓመት ተኩል እንኳ ሳይሞላ እዚያው ቁጥር ላይ ትደርሺያለሽ። ሽማግሌው ለምርቃት እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ሙሽራዋ የእናቷን ጉልበት ልትስም ዝቅ ስትል፣ ያቺን ቅጽበት ጠብቆ አንድ ጊዜ መጫን የሚችል ፎቶ አንሺ ፎቶውም ያምራል፣ ካሜራውም ይከርምለታል።

62 ሺህ የተባለውን ግን በቃል አትቀበዪ። የኒኮን ካሜራዎች ቁጥሩን በሚያነሡት ፎቶ ውስጥ ይመዘግቡታል። አንቺው ራስሽ በካሜራው ፎቶ አንሺና ፋይሉን ሳትነኪው ወደ ኮምፒውተር ገልብጠሽ የፎቶን መረጃ በሚያነብ ፕሮግራም እይው። በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የተላከልሽ ምስል ይህን መረጃ ይዞ አይመጣም፤ እንደ ፋይል መላክ አለበት። ሻጩ ይህን ካልፈቀደልሽ ተዪው፤ ሌላ ካሜራ አይጠፋም።

በዚያው ሳለሽ የስልክሽን መብራት በሌንሱ አንድ በኩል አብርተሽ በሌላው በኩል ተመልከቺ። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካየሽ ሻጋታ ነው፤ ያንን ሌንስ አትንኪው። በካሜራው ጀርባ ያለው ጎማ ቢላቀቅ ግን በማጣበቂያ የሚመለስ ነገር ነው፤ ዋጋ ማስቀነሻ አድርጊው።

እኛ ጎጃም ውስጥ ደግሞ ካሜራን የሚጎዳው የሥራው ወራት ብቻ አይመስለኝም። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ሰርግ ሲበዛ ካሜራው እየሠራ፣ አየር እያገኘ ይቆያል። ክረምት ሲገባ ሰርጉ ይቆምና ካሜራው እርጥበት በያዘ ቦርሳ ውስጥ እስከ መስከረም ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። ሻጋታ የሚወደው ይህንን ነው። ጥብቅ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ እርጥበት ከሚመጥጡት ትናንሽ የሲሊካ ከረጢቶች ጋር አስቀምጪው፤ በየሳምንቱም አውጥተሽ ጥቂት ፎቶ አንሺበት። ጥር 23 ቀን እንጅባራ የአገው ፈረሰኞችን ልታነሺ ከሄድሽ በዚያ አቧራ ውስጥ ሌንስ አትቀይሪ። ከጮቄ ብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስትገቢም ካሜራው በተዘጋ ቦርሳ ውስጥ እንዳለ ይሙቅ፤ ወዲያው ካወጣሽው ጤዛ ይይዘዋል።

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ። በወጣትነቴ ባንድ ካሜራ ብቻ ሰርግ ተቀበልኩ። ከቀትር በፊት አንዳንድ ፎቶዎች ጫፋቸው ላይ ጥቁር መስመር ማሳየት ጀምረው ነበር፤ ቸል አልኩት። ሙሽሮቹ ከቤት ሲወጡ ግማሹ ፎቶ ጠቆረ፤ ከዚያ ካሜራው ጨርሶ አልነሣ አለ። የሙሽራዋ እናት “ልጄ ስትወጣ አንሥተሃታል አይደል?” ብለው ሲጠይቁኝ የምመልሰው አጣሁ። ያ ቀን ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ አጥብቄ የምነግርሽ፦ ሁለተኛ ካሜራ በእጅሽ ሳይኖር፣ አዲስም ቢሆን አሮጌ፣ ብቻሽን ሰርግ አትቀበዪ።

የፎቶ ቤቱ ግብዣ ትልቅ ዋጋ ያለው ለዚህ ነው። ግቢ። ስትገቢ ግን የራስሽን ካሜራ ይዘሽ ሰርግ ላይ ሁለተኛ ፎቶ አንሺ ሆነሽ መሥራት እንደምትፈልጊ ለባለቤቱ ንገሪያቸው። ያንቺ ካሜራ ቢቆም የእርሳቸው አለ፤ የእርሳቸው ቢቆም ያንቺ። በዐቢይ ጾም ሰርግ በማይኖርበት ጊዜም ጉርድ ፎቶና የምረቃ ፎቶ ሥራው እንዳይቋረጥ ያደርጋል። ሒሳብ መያዙን ደግሞ ተምረሽዋል፤ ከእያንዳንዱ ሰርግ ክፍያ ለቀጣዩ ካሜራ የሚቀመጠውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምረሽ ለይተሽ አስቀምጪ።

ያለሽን ገንዘብ ሁሉ ለካሜራው አትስጪ። ለጥሩ ሌንስ፣ ለትርፍ ባትሪና ለሁለት ሚሞሪ ካርድ የሚሆን አስቀሪ። ዲ7000 ሁለት ካርድ ስለሚይዝ እያንዳንዱ ፎቶ በሁለቱም ላይ እንዲቀመጥ አድርገሽ አስተካክዪው። ባትሪው በኋላ በወጡት በዲ7200 እና በዲ750 ላይም ይሠራል፤ ሌንሱም እንዲሁ። ካሜራው ቢደክም እነዚህ ወደሚቀጥለው ይሻገሩልሻል።

ቁጥሩን ስታነቢው አባትሽም አጠገብሽ ይሁኑ። ሒሳቡን ከነክረምቱ አስረጂያቸው፤ ከ100,000 በላይ ሆኖ ካገኛችሁትም ዋጋው በዚያው ልክ እንዲቀንስ አብረው ይከራከሩልሻል።