ታንኩ ከፊት ይቁም ከኋላ?

ጥያቄ፦ ስታርክራፍት 2 የተባለውን የኮምፒውተር የጦርነት ጨዋታ በቴራን (በሰዎቹ ጦር) ነው የምጫወተው። ሁለተኛው ቤዜ (ሰፈሬ) መግቢያ ላይ 3 ሲጅ ታንክ (ተተክሎ ከሩቅ የሚመታ ታንክ) ጎን ለጎን ደርድሬ እጠብቃለሁ፤ ዜርግ (የአውሬዎቹ ጦር) ግን በዜርግሊንግ (ትንንሽ ፈጣን አውሬዎች) መንጋ ጠራርጎኝ ያልፋል። ታንክ ልጨምር?

መልስ፦ አይጨምሩ። አራተኛው ታንክ 150 ሚኒራልና 125 ጋዝ ይበላል እንጂ ችግሩ አቋቋምዎ ላይ ነው። ሲጅ ሞድ ላይ ያለ (መሬት ላይ ተተክሎ የቆመ) ታንክ በጨዋታው መለኪያ 13 ርቀት ድረስ ይመታል፤ ከ2 በታች የተጠጋውን ግን ምንም ማድረግ አይችልም። ይባስ ብሎ ሌሎቹ ሊያድኑት ሲተኩሱ ፍንዳታው ወዳጅና ጠላት አይለይም። ተጠጋግተው የቆሙ ታንኮች ግማሹን ሥራ ለዜርጉ ይሠሩለታል።

ታንኮቹን ወደ ኮማንድ ሴንተሩ (የቤዙ ዋና ሕንፃ) ግራና ቀኝ መልሰው በመካከላቸው 3 ወይም 4 ርቀት ይተዉ። ከፊታቸው 4 ማሪን (እግረኛ ወታደር) የያዘ ባንከር (ምሽግ) ይትከሉ፤ ማሪኑ እዚያ ውስጥ ሲሆን የሚመታበት ርቀት ከ5 ወደ 6 ያድጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ባንከሩን አርቆ ይተክለዋል። ከታንኩ ከ4 በላይ አይራቅ። ራቬጀር የተባለው የዜርግ አውሬ የሚወረውረው ባይል (አሲድ) 9 ርቀት ይደርሳል፤ 4 ሲጨመርበት 13። ስለዚህ ባንከሩን ሊመታ የመጣ ራቬጀር የግድ የታንኩ ክልል ውስጥ ይገባል። ባንከሩን 7 ካስቀደሙት ራቬጀሩ ከክልሉ ውጭ ሆኖ ዘና ብሎ ያፈርሰዋል። ሌላም ጥቅም አለው፤ ታንኩ 13 ይምታ እንጂ የሚያየው 11 ብቻ ስለሆነ የቀረውን ባንከሩ ያይለታል።

የመግቢያውን ክፍተት በሰፕላይ ዲፖ (ወደ መሬት ዝቅ ማለት በሚችል ሕንፃ) ይዝጉት፤ የራስዎ ጦር ሲወጣ ዝቅ ያደርጉታል። 2 ኤስሲቪ (የቴራን ሠራተኛ) ከባንከሩ ጀርባ ያቁሙና የሪፔር ምልክቱን በቀኝ ክሊክ ይንኩት፣ ከዚያ ሳይታዘዙ ይጠግናሉ።

ጥያቄ፦ ሜዲቫክ (የሕክምና አውሮፕላን) ታንኮቹ ላይ ባቆም ሕይወታቸውን አይመልስም?

መልስ፦ አይመልስም። ሜዲቫክ የሚያክመው እንደ ማሪን ያለ ሥጋ ለባሽ ነው፤ ታንክ የኤስሲቪ ሥራ ነው። ሙታሊስክ (በራሪ የዜርግ አውሬ) ከመጣ ደግሞ ታንክ ወደ ሰማይ አይተኩስም። ኢንጂነሪንግ ቤይ የሚባለውን ሕንፃ ሠርተው አንድ ሚሳይል ተሬት (ወደ ሰማይ የሚተኩስ ማማ) ታንኮቹ መሃል፣ አንድ ደግሞ ሚኒራሉ ጋ ይትከሉ። የሚመታው 7 ርቀት ስለሆነ ጥግ ላይ ከተከሉት ከወዲያኛው በኩል ያሉት ኤስሲቪዎች ያልቃሉ።