ንግግሩን ልላክለት ወይስ ይቅር?

ሰሞኑን ከከተማው ዳር ዳር የመጡት ጥያቄዎች ተመሳሰሉብኝ። ሁሉም ስለ ኢኮኖሚው የሰሙትን ንግግር በሥራ ለሚያውቁት ሰው ስለመላክ ነው።

ጥያቄ፦ ገላን መጋዘን አስተዳድራለሁ። ሥልጠና ላይ የተዋወቅሁት የባንክ ብድር ባለሙያ አለ። የ50 ደቂቃ ንግግር ሰምቼ ወደድኩትና ልልክለት ስል «እኔ ማን ነኝና ለባንክ ሰው?» ብዬ ተውኩት።

መልስ፦ ይላኩለት፤ ባዶ ሊንክ ግን አይላኩ። ቴሌግራሙ በቪዲዮ የተጨናነቀ ሰው 50 ደቂቃ አይሰጥዎትም፣ ሁለት ደቂቃ ግን አይነፍግዎትም። ተናጋሪው ስለ ብድር ያነሳበትን ደቂቃ ይጻፉለት፤ ሥርም «እኛ ጋ ደንበኞች ድሮ በሳምንት ይከፍሉ የነበረውን አሁን በወር ነው» ዓይነት ከራስዎ የሆነ አንድ ነገር ያክሉ። ባለሙያው ንግግር መች አጣ? ያጣው የመጋዘን በር ላይ የሚታየውን ነው።

ደግሞ ንግግሩ የተደረገበትን ቀን ይዩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቀቀ፤ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከዚያ በፊት ስለ ምንዛሪ የተነገረ ንግግር ዛሬ ለታሪክ ካልሆነ አይጠቅምም። እኔም አንዱን አሮጌ ንግግር ለአንድ የሒሳብ ባለሙያ ልኬ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ከሐምሌው በፊት ነው» ተብያለሁ። አፍሬ ዝም አልኩ።

ጥያቄ፦ ሰበታ ጅምላ አከፋፋይ ነኝ። «ግሽበት ቀንሷል» የሚል ንግግር ለደንበኛዬ ብልክለት «ሰውዬው የት ገበያ ነው የሚሄደው?» ብሎ ሳቀብኝ።

መልስ፦ ተናጋሪውም ደንበኛዎም ልክ ናቸው። ግሽበት ዋጋ የሚጨምርበት ፍጥነት ነው። ካቻምና 100 ብር የነበረ ዕቃ በ20 በመቶ ግሽበት አምና 120 ገባ እንበል። ዘንድሮ ግሽበቱ ወደ 10 በመቶ ቢወርድ ዕቃው 132 ይሆናል እንጂ ወደ 100 አይመለስም። ፍጥነቱ ቀነሰ፣ ዋጋው ግን ወጣ። ይህችን ስሌት አስቀድመው ቢጽፉለት ኖሮ አይስቅብዎትም ነበር።

ጥያቄ፦ ቃሊቲ ነው የምሠራው። ንግግሩን ተርጉሜ ውጭ አገር ላለ ዕቃ አቅራቢያችን ልልክ ነው። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ዓመቱን። «የ2017 በጀት ዓመት» የሚለውን እንዳለ ከተረጎሙት ሰውዬው ዓመታት ወደ ኋላ ይሄድብዎታል። የኛ 2017 በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ነው፤ በፈረንጆቹ 2024/25 ብለው ይጻፉት።

ጥያቄ፦ ከለገጣፎ። ለቀድሞ አለቃዬ ልኬለት ካየው ሁለት ሳምንት ሆነው፤ መልስ የለም። ደግሜ ልላክ?

መልስ፦ አይላኩ። ለዓመት በዓል «እንኳን አደረሰዎ» ሲሏቸው ራሳቸው ያነሱት ይሆናል። ካላነሱት እርስዎም አያንሱት።